አረንጓዴዋ «ደህና ነኝ»

ናይሮቢ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ እታገኘሁ፣

ከአሰላ ብርድ ጋር እንዴት ከረሙ? ወገብዎስ? ከስፌት መኪናው ትንሽ ቀና ይላሉ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራ በዝቶብኝ ድምፄን አጠፋሁ እንጂ ረስቻችሁ አይደለም።

ባለፈው በስልክ «ለመሆኑ ሥራሽ ምንድነው? ሰው ሲጠይቀኝ ኮምፒዩተር ብዬ ነው የማልፈው» ብለውኝ ስቄያለሁ። እንግዲህ ልንገርዎት። የምሠራበት ድርጅት ለመንገደኛ የሚሆን የስልክ አፕ ይሠራል። ስሙ «ሸኚ» ነው። ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የመኪና ወንበር ይይዝበታል፣ መኪናው የት እንደደረሰ ያይበታል፣ ቤተሰቡም መንገደኛውን በካርታ ላይ እንደ ነጥብ ይከተለዋል። በየግማሽ ሰዓቱ ደግሞ ስልኩ በድምፅ «ደህና ነዎት?» ብሎ ይጠይቃል። አረንጓዴውን ከነኩ «ደህና ነኝ» ማለት ነው፤ ቀዩን ከነኩ «ደህና አይደለሁም፣ ድረሱልኝ»። መልሱ ለቤተሰብ ይደርሳል።

ወጣቶቹ ወደውታል። ስልሳ ያለፋቸው ግን ከፍተው ያዩትና ይዘጉታል። አለቃዬ «አዛውንት ጉዳዩ አይደለም፣ እንተወው» ይላል። እኔ ደግሞ ዓይኔ ላይ የሚመጡት እማማ ተሻለች ናቸው፤ ከዲክሲስ አሰላ ለመምጣት በማለዳ ወጥተው መንገድ ዳር ብርድ ላይ ሲቆሙ። ለእርስዎ አክስት ናቸው፤ ለእኔ ግን እናቴ ካለፈች ወዲህ አያትም እናትም እሳቸው ብቻ ናቸው። እሳቸውን የማይጠቅም ነገር ሠርቼ ደመወዝ መብላት አልፈልግም።

አንድ ስልክ በሰው ልኬያለሁ። እባክዎ እማማን ያለማምዱልኝና የሚያስቸግራቸውን ሁሉ ይጻፉልኝ። በስልክ አይሁን። በስልክ ስናወራ እማማ ከጎንዎ ሆነው «ጥሩ ነው በያት፣ ደህና ነው በያት» ሲሉ ይሰማኛል። በወረቀት ይጻፉና ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይላኩት። ክፉውንም አይደብቁኝ።

ልጅዎ መክሊት


አሰላ፣ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጃችን ለመክሊት፣

ሰላምታዬ ከጭላሎ ራስ ተነሥቶ ኬንያ ድረስ ይምጣልሽ። እኛ ከአንቺ ናፍቆትና ከመብራቱ መጥፋት በቀር ምንም አልሆንን። ሁላችንም ደህና ነን። እማማም ደህና ናቸው።

ስልኩ ደርሶናል። እማማ ቅዳሜ ከዲክሲስ መጡና ትናንት ከቅዳሴ መልስ ጀመርን። መቼም ጉድ ነው የሆንነው። መጀመሪያ ስድስት ቁጥር ይልክልናል። እማማ መነጽራቸውን ከመቀነታቸው እስኪፈቱ፣ እኔ ቁጥሩን አንብቤ እስክጨርስ፣ «ጊዜው አልፏል» ይላል። ሦስቴ አለፈብን። በአራተኛው እማማ ተቆጡ። «ምን ያስቸኩለዋል? መንገደኛዋ እኔ፣ የሚሮጠው እሱ!» አሉ።

ቀጥሎ የተወለዱበትን ቀን ጠየቀ። እማማ «ገብሱን ውርጭ የመታው ዓመት፣ ክረምት መውጫ ላይ» አሉት። እንዲህ የሚል ቦታ የለውም። እኔ እንደ መሰለኝ 1941 ብዬ ሞላሁ። ለካ የፈረንጁን ኖሯል የሚፈልገው፣ ሰማንያ አራት ዓመት አደረጋቸው! «በነጻ ሲሰጡን ዕድሜ ነው የሚሰጡን?» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ፊደሉ አመድ በነጭ ላይ የተበተነ ይመስላል፤ እኔም በመርፌ የደከመ ዓይኔን አጥብቤ ነው ያነበብኩት። ጣታቸው ደግሞ የሥራ ጣት ነው፣ ደርቋል፤ ስልኩ አይሰማቸውም። ሲጫኑት እንደ በር ደወል ይዘው ይቆያሉ፣ ያን ጊዜ ሌላ ነገር ይከፈታል። በኋላ ጣታቸውን በምላሳቸው ነካ እያደረጉ ቻሉት።

አሁን ሳቂ። ስልኩ በዚያች ለስላሳ ድምፅ «ደህና ነዎት?» ሲል እማማ ቀና ብለው «ደህና ነኝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ?» ብለው መልስ ጠበቁ። ጠበቁ፣ ጠበቁ። «አትመልስም? የማን ልጅ ናት?» አሉኝ። «እማማ፣ ልጅ አይደለችም፣ ስልክ ናት። አረንጓዴውን ወይ ቀዩን ይንኩላት» አልኳቸው። አረንጓዴውን ነኩ። ከጠዋት ጀምሮ ጉልበታቸው አብጦ ሲያቃስቱ ነበር። «እማማ፣ ጉልበቴ ጉልበቴ ሲሉ አልነበር እንዴ?» ብላቸው፣ «ታዲያ በትህትና ለጠየቀችኝ ልጅ ጉልበቴን ላውራላት? ደህና አይደለሁም ብዬ ላስደነግጣት? ነውር ነው» አሉ።

እንዲህ እየሳቅን ዋልን። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፣ ፈሪ ናት አትበይኝ። የመንገዱን ነገር አንቺም ትሰሚያለሽ። እማማ ድሮ ሰው ሳይዙ አይወጡም ነበር። ዛሬ ሲሄዱ «ላሳፍርዎት» ብላቸው፣ ስልኩን ደረታቸው ውስጥ ከተው መታ መታ አደረጉትና «ሸኚ አለኝ» አሉኝ። ብቻቸውን ሄዱ። ፊደሉን አጉይልን፣ ጊዜውን አርዝሚልን። የእማማም መነጽር አርጅቷልና ደህና የማንበቢያ መነጽር ላኪ።

አክስትሽ እታገኘሁ


ናይሮቢ፣ ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎት እትዬ እታገኘሁ፣

ደብዳቤዎን ለባልደረቦቼ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። የደረቀ ጣት ነገር ከእኛ መካከል ለማንም ታይቶት አያውቅም፤ ሁላችንም ለስላሳ ጣት ነው ያለን። ቁጥሩ አሁን አሥር ደቂቃ ይቆያል። የልደት ቀን መጠየቁን አስቀርተነዋል። ፊደሉ ጠቁሮ ገዝፏል። ተጭኖ መያዝ ሌላ ነገር አይከፍትም። ይህ ሁሉ የእማማና የእርስዎ ሥራ ነው።

«የማን ልጅ ናት?» የሚለውን ስነግራቸው ቢሮው በሳቅ ተናጋ።

ስለ መንገዱ አይስጉ። በሁለት ወር ሙከራ በሦስት አገር ቀዩን የነካ አንድ ሰው የለም። አለቃዬ ይህንኑ «መቶ በመቶ ደህና» ብሎ ለትልልቆቹ አቅርቦታል፣ ተጨብጭቦለታል።

አሁን እውነተኛ ጉዞ እንፈልጋለን። እማማ ብቻቸውን ከዲክሲስ አሰላ በሸኚ ይምጡ። ፎርም ልኬያለሁ። «የሚታወቅ ሕመም» የሚል ጥያቄ አለው፤ በትክክል ይሙሉልኝ። እማማ ምንም የላቸውም አይደል?

መነጽሩ መንገድ ላይ ነው።

መክሊት


አሰላ፣ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

መክሊትዬ፣ የእናትሽ ምትክ፣

አንድ ወር ሙሉ ዘጋሁሽ፣ ይቅር በይኝ። ሥራ ነው፣ ኔትወርክ ነው፣ ምኑ ቅጡ። እኛ በእመቤታችን ምልጃ ደህና ነን። እማማ ትንሽ ቀጠን ብለዋል፣ ጾሙ ነው። ደህና ናቸው።

መነጽሩ ልክ ሆኗቸዋል። አድርገውት መስታወት ፊት ቆመው «ዳኛ መሰልኩ» ብለዋል። ስልኩንም ለምደውታል። እንዲያውም ድምጿ ደስ እያላቸው፣ ብቻቸውን ቤት ሲሆኑ የውሸት ጉዞ ጀምረው ልጅቷ እስክትጠይቃቸው ይጠብቃሉ። ያን ሲነግሩኝ ሳቅኩና ወዲያው ሳቄ ጠፋ።

ፎርሙን ሞልቻለሁ። ሕመም ለሚለው «የለም» ብዬበታለሁ።

ሐምሌ 10 እዚህ ሆስፒታል ቀጠሮ አላቸው፤ ለዓይናቸው ነው። በዚያው ቀን ጉዞውን እናድርገው። እኔ ሄጄ ላምጣዎት ብያቸው ነበር፣ «መክሊት ብቻዬን እንድመጣ ነው የጠየቀችኝ፣ ልጄን አላሳፍርም» አሉ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ስኳር የማይገባበት ብስኩት አለ ይባላል። ከተገኘ በሰው ላኪልን። ለእንግዳ ነው።

ለመስቀል ትመጫለሽ ወይ? ብትመጪ ጥሩ ነበር። ምንም ሆኖ አይደለም። እንዲሁ ነው።

አክስትሽ እታገኘሁ


ናይሮቢ፣ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

ብስኩቱን ገዝቻለሁ። ለየትኛው እንግዳ ነው? ለዓይን ቀጠሮ የሰጡት ሐኪም ምን አሉ? «ምንም ሆኖ አይደለም» ያሉትን ደጋግሜ አነበብኩት።

ሐምሌ 10 ከዚህ ሆኜ ነጥቧን እከተላለሁ። እርስዎም በስልክዎ ያዩዋታል። እማማ ደህና ናቸው አይደል? አዎ ካሉኝ አምናለሁ።

መክሊት


አሰላ፣ መናኸሪያ፣ ሐምሌ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል

መክሊትዬ፣

ሰላምታ አላበዛም። የዩኒፎርም ልክ የምይዝበት ደብተር ላይ ነው የምጽፍልሽ። እጄን ሥራ ላስይዘው ብዬ ነው።

እማማ ከዲክሲስ የተነሡት አንድ ሰዓት ላይ ነው። እስከ ሦስት እዚህ መድረስ ነበረባቸው። ነጥቧ ከሁለት ተኩል ጀምሮ ተተክላለች። የቆመችበት ቦታ ካርታው ላይ ስም የለውም። ቤት የለም፣ ምንም የለም፣ ባዶ ነው። እዚህ ጉሙ ወርዶ ፊት ለፊቴ ያለውን አውቶቡስ ግማሹን በልቶታል። እዚያ ላይማ እንዴት ይሆን?

አረንጓዴዋ ግን ትመጣለች። ሦስት ሰዓት ላይ ደህና ነኝ። ሦስት ተኩል ላይ ደህና ነኝ። አራት ላይ ደህና ነኝ። አራት ተኩል ላይም። ስደውል ይቋረጣል፤ እሷ ብቻ እንደምንም ሾልካ ትደርሳለች። በመጣች ቁጥር ልቤ መለስ ይላል፣ ከዚያ ነጥቧን ሳይ ተመልሶ ይሄዳል።

ቆይ፣ ከዲክሲስ አንድ መኪና ገባ።

መክሊት፣ እማማ የሉበትም። አንዲትን ሴት ያዝኳትና ጠየቅኳት። አብራቸው ተሳፍራ ነበር። «ጎማ ፈነዳብን። ሾፌሩ ጎማውን ይዞ ጎሚስታ ፍለጋ ሄደ፤ እኛ ባገኘነው መኪና ተጣብበን መጣን። እሳቸውን ብንለምን ብንለምን ‹እናንተ ቸኩላችኋል፣ እኔ ሸኚ አለኝ፣ ደህና ነኝ› አሉን» አለችኝ።

ብቻቸውን ናቸው። ፎቶውን አሁኑኑ እልክልሻለሁ። ምን ላድርግ?


ናይሮቢ፣ በዚያው ቀን፣ አምስት ሰዓት ከአምስት

እትዬ፣ ይረጋጉ። ነጥቧ ከቆመች ወዲህ አምስተኛው አረንጓዴ አሁን መጣልኝ። ሰው አምስት ጊዜ ደህና ነኝ ካለ ደህና ነው። ሾፌሩ ጎማውን አሠርቶ ይመለሳል። መንገድ ላይ እንዳትተላለፉ እዚያው ሆነው ይጠብቁ።

መክሊት


ናይሮቢ፣ ሐምሌ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ እታገኘሁ፣

በስልክ «ተገኝተዋል፣ ሆስፒታል ናቸው፣ እጽፍልሻለሁ» ብለው ከዘጉት ሰባት ቀን ሆነ። ከዚያ ወዲህ አያነሡም። እማማ ራሳቸው አንዴ አንሥተው «ደህና ነኝ ልጄ፣ ሥራሽን ሥሪ» አሉኝ። ድምፃቸው ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቃል ያስፈራኝ ነገር የለም።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ መልስ አልመጣም። ስድስት ላይም አልመጣም። «እዚያው ይጠብቁ» ብዬ የጻፍኩት እጄ ነው። አሁን ሳየው የሰው እጅ ይመስለኛል። ሰምተውኝ ቢቀሩ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? እባክዎ ይንገሩኝ። የከፋውን ይንገሩኝ።

መክሊት


አሰላ፣ ሐምሌ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ መክሊት፣

ይህን ደብዳቤ ደህና ነን ብዬ አልጀምረውም። ከእንግዲህ በዚያ ቃል መጀመር እፈራለሁ።

መልእክትሽ ሲደርሰኝ ቁጭ አልኩ። የተማረችው እሷ ናት፣ ይጠብቁ ካለች ልጠብቅ አልኩ። ከዚያ እንዲሁ ሳስበው፣ እማማ ደህና አይደለሁም ሲሉ የሰማሁት መቼ ነው? ባላቸውን በቀበሩ ማግስት እንዴት ነዎት ስላቸው ደህና ነኝ ነው ያሉኝ። ክንዳቸው የተሰበረ ጊዜ፣ አጥንቱ ቆዳውን ገፍቶ እየታየ፣ ደህና ነኝ ብለው ለወጌሻው ወንበር ጎትተውለታል። አምስት አረንጓዴ ምን ዋጋ አለው? ለእናትሽ ሞትም አረንጓዴ ነበር የሚነኩት።

ለዲክሲስ ተራ የያዘ አባዱላ ነበር። ሾፌሩ ኃይለየሱስ ይባላል። «ሴትዮ፣ ሳይሞላ አልነሣም» አለኝ። ስልኩን አሳየሁት። «ደህና ነኝ እያሉ አይደል እንዴ? ምን ያስጮህዎታል?» አለ። «አንተ፣ እናትህን እንዴት ነሽ ስትላት ምን ትልሃለች?» አልኩት። «እናቴማ» አለ፣ «ሁለት ወር አልጋ ላይ ሆና ደህና ነኝ እንዳለችኝ ነው ያለፈችው።» ሌላ አልጠየቀኝም። ቁልፉን አዞረ።

ጉሙ መንገዱን ውጦት ነበር። ኃይለየሱስ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ ጡሩንባ እየነፋ፣ በእግር እንደሚሄድ ሰው ነበር የሚነዳው። እኔ ነጥቧ ላይ አፍጥጫለሁ። እኛም ነጥብ ነን፣ እሳቸውም ነጥብ ናቸው። ነጥቦቹ ሲነካኩ «አቁም!» ብዬ ጮህኩ።

ጎማ የሌለው መኪና ዘንበል ብሎ ቆሟል። ባዶ ነው። «እማማ!» አልኩ። ምንም። ጉሙ ድምፄን መልሶ አፌ ውስጥ የሚከተው መሰለኝ። ከዚያ ከሣሩ ውስጥ፣ መክሊት፣ ያቺ ልጅሽ በለስላሳ ድምጿ፣ «ደህና ነዎት?» አለች።

ወደ ድምፁ ሮጥኩ። ኃይለየሱስ አማተበ። ስልኩ ድንጋይ ሥር በአፉ ተደፍቷል። ነጠላቸው አጠገቡ ነው። እሳቸው የሉም። ትጠይቃለች፣ የሚመልስላት የለም። እስከ ዛሬ ስተኛ የምሰማው እሱን ነው።

ከጉሙ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ወጡ። ሀሰኖ ይባላሉ፣ የዚያው አገር ገበሬ ናቸው። «እኔ ቤት ናቸው፣ በሕይወት አሉ፣ ነጠላቸውን ልወስድ መጥቼ ነው» አሉን። እዚያው አፈር ላይ ተንበርክኬ እግራቸውን ያዝኩ።

አቶ ሀሰኖ ገብሳቸውን ሊያዩ ወጥተው ነው ያገኟቸው፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው። በኦሮምኛ «አከም ጂርቱ?» አሏቸው፤ እንዴት ነዎት ነው። እማማም በኦሮምኛ «ነጋዳ» አሉ፤ ደህና። አቶ ሀሰኖ አላለፉም። ወጉ ነው፣ አንዴ ጠይቆ አይታለፍም። «ቤተሰቡስ?» አሏቸው። «ደህና።» «ከብቱስ?» ሲሏቸው ያኔ እማማ ቀስ ብለው፣ «ከብቱንስ ሸጬ ጨረስኩ፣ እኔም እያለቅሁ መሰለኝ» አሉና ወደ ጎን ዘመም አሉ። አህያቸው ላይ ደግፈው ወሰዷቸው። ባለቤታቸው ናኢማ ላቡን ስታይ ገባት፤ እናቷ በዚሁ የታመሙ ናቸው። ማር በጥብጣ በማንኪያ በማንኪያ አፋቸው ውስጥ አደረገች። ሐኪሙ «ያቺ ሴት ባትደርስ ኖሮ አይተርፉም ነበር» አለኝ።

አሁን የኔን ኃጢአት ስሚ። እማማ ስኳር አለባቸው። ከገና ጀምሮ መርፌ ይወጋሉ። የገና ሰሞን እኔ ቤት ወድቀው ነበር። «ለመክሊት ብትነግሪያት ሥራዋን ጥላ ትመጣለች፣ ማርያምን እንዳትነግሪያት» ብለው አስማሉኝ። ቀጠሮው ለዓይን አልነበረም፣ ለደም ምርመራ ነው። «እህል ሳትቀምሱ ኑ» ብለዋቸው፣ መርፌውን ግን እንደ ወትሮው ተወግተው በባዶ ሆዳቸው ወጡ፤ ስኳራቸው ወርዶ ነው የጣላቸው። ብስኩቱ ለማንም እንግዳ አልነበረም። ፎርምሽ ላይ «የለም» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንቺ እጅሽን አትጥዪ፤ የኔ እጅ ይቀድማል።

እማማን «ለምን ቀዩን አልነኩም?» አልኳቸው። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «መጀመሪያ ልጅቷን ላለማስጨነቅ ነበር። በኋላ ዓይኔ ጨለመ፣ ጣቴ ግን ቦታውን ያውቀው ነበር።» አየሽ? ያቺ አምስተኛዋ የእሳቸው አልነበረችም። የጣታቸው ነበረች።

ከእንግዲህ መነጽር አልለምንሽም፣ ብስኩትም አልለምንሽም። አንድ ነገር ብቻ። ያንን ጥያቄ ቀይሪው። ወይ ደግሞ እንደ አቶ ሀሰኖ እስከ ሦስተኛው ድረስ ጠይቂ።

እታገኘሁ


ናይሮቢ፣ ነሐሴ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ እታገኘሁ፣

ደብዳቤዎን አንብቤ ሁለት ቀን ቢሮ አልሄድኩም። በሦስተኛው ቀን ሄድኩና ለሁሉም ጮክ ብዬ አነበብኩት። በዚህ ጊዜ የሳቀ አልነበረም።

እኔም የደበቅኩትን ልናገር። ቀዩን ማንም አለመንካቱ ከመጀመሪያው ይከነክነኝ ነበር። ከሺህ ሰው አንድ እንኳ እንዴት አይታመምም? አንድም መኪና እንዴት አይበላሽም? ብጠይቅ ሥራው ይቆማል ብዬ ዝም አልኩ። እርስዎ የጉልበታቸውን ነገር ሲጽፉልኝ እውነቱ እጄ ላይ ነበር። እኔ ሳቅኩበት።

ጥያቄው ተቀይሯል። አሁን መጀመሪያ «ከማን ጋር ነዎት?» ይላል። ቀጥሎ «እህል ቀምሰዋል?» አለቃዬ «መንገደኛ ስለ ምሳው ለምን ይጠየቃል?» አለኝ። «እሱን ስላልጠየቅን ነው አንዲት ሴት ጉም ውስጥ የቀረችው» አልኩት። በሦስተኛው ነው «አሁን በእውነት እንዴት ነዎት?» የሚለው። አረንጓዴውና ቀዩም በየጊዜው ቦታ ይለዋወጣሉ፣ ጣት ብቻውን እንዳይመልስ። ነጥቧ ሰላሳ ደቂቃ ከቆመች ማንም ምንም ቢመልስ ቤተሰብ ይጠራል። ቀይ ከተነካ ሾፌሩም ይሰማል።

ለእማማ ይንገሩልኝ፦ ልጅቷ አትደነግጥም። እውነቱን ሲነግሯት ነው ደስ የሚላት።

ለመስቀል እመጣለሁ። መስከረም 15 አሰላ ነኝ።

እትዬ፣ እርስዎስ እንዴት ነዎት? ወገብዎስ? አሁን በእውነት እንዴት ነዎት?

መክሊት


አሰላ፣ መናኸሪያ፣ መስከረም 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

መክሊትዬ፣

ነገ ትገቢያለሽ፣ እኔ ዛሬም ደብተር ይዤ መናኸሪያ ተቀምጫለሁ። በአፌ ስነግርሽ አልቅሼ እንዳላበላሸው እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው።

ሦስቴ ጠይቀሽኛልና ልመልስልሽ። እኔ ደህና አይደለሁም። ከዚያ ቀን ወዲህ ጉም ባየሁ ቁጥር እጄ መርፌ አይይዝም። የዘንድሮ ዩኒፎርም ግማሹን ለሌላ ሰው ሰጥቻለሁ። ይኸው፣ ተናገርኩት። ምንም አልሆንኩም፣ ሰማይም አልወደቀ።

እማማ ዛሬ አንቺን ሊቀበሉ ከዲክሲስ እየመጡ ነው። እኔ ጋ ይክረሙ ብላቸው እንቢ ብለው ነው የከረሙት። ኃይለየሱስ መኪና ላይ ናቸው፤ ከፊት ወንበር። እሱ ኪሱ ውስጥ ማር በትንሽ ብልቃጥ ይዟል፣ «ከነዳጁ በፊት እሱን ነው የማየው» ይላል። ጠዋት እህል ቀምሰው ነው የወጡት፣ በስልክ ሲያኝኩ አሰምተውኛል። ሰማዩም ጥርት ብሏል፣ ጭላሎ ከነሸንተረሩ ይታያል። ታዲያ ምን ያስፈራኛል? እንጃ። ነጥቧ ትንቀሳቀሳለች፣ እኔ አብሬያት ተቀምጬ እሄዳለሁ።

የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ደረሰ። ከማን ጋር ነዎት? «ከሾፌሩ ጋር።» ቀምሰዋል? «አዎ።» በእውነት እንዴት ነዎት? «ደህና ነኝ።» አላመንኳቸውም፣ ነጥቧ ግን ትሄዳለች።

ሁለተኛው ደረሰ። ከሾፌሩ ጋር። አዎ። የሦስተኛው ጥያቄ መልስ ዘገየ። መክሊት፣ ዘግይቷል። ነጥቧ ቆመች። ልጄ፣ ነጥቧ ቆመች።

ቀይ መጣ።

ቀይ ነው። ዓይኔን ጠርጌ ነው ያየሁት። «ደህና አይደለሁም» ይላል፣ በእማማ ስም፣ በሰባ ስድስት ዓመታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ። ኃይለየሱስ ደወለ። «ቆሜያለሁ እትዬ፣ አጠገባቸው ነኝ፣ አላባቸው፣ ማሩን እየቀመሱ ነው፣ ቀጥታ ጤና ጣቢያ ነው የምወስዳቸው» አለኝ። ከኋላው የእማማን ድምፅ ሰማሁ። «ልጅቷ ደነገጠች እንዴ?» ይላሉ።

አልደነገጠችም በላቸው አልኩት። እኔ ነኝ የደነገጥኩት፣ ሰው ሁሉ ያየኛል፣ አፌ ግን ራሱ እያለ ነው፦ ተመስገን፣ ደህና አይደለሁም አሉ።

ልነሣ፣ መኪና አግኝቻለሁ።

እታገኘሁ